የዓርብ ጥሪ

ጠዋት ጠዋት ይማም ሙሄን የሚቀሰቅሰው አልጋው ነው። ፍራሹ ከወገቡ በላይ ቀስ ብሎ ይነሳና ያስቀምጠዋል። ዓይኑን አሽቶ እስኪጨርስ ድረስ እንቅልፉ እንዴት እንደነበር፣ ቀኝ ትከሻው ምን ያህል እንደተገላበጠ፣ ልቡ የቱ ጋ እንደፈጠነ ታች ፎቅ ላሉት ሰዎች ተነግሯል። ቁርሱ የሚወሰነው በዚህ ነው። ክፉ ሕልም ያየ ቀን ዓሣው ይቀርና ሙዝ ይበዛለታል። መጀመሪያ ሰሞን ይገርመው ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ሙዙ ሲበዛ "ምን አይቼ ይሆን?" ብሎ ራሱን መጠየቅ ጀመረ።

ዘመኑ 2071 ዓ.ም. ነው። ይማም የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወጥቶ በሰሜን ጃፓን፣ አኪታ በምትባል ከተማ፣ ነጭ ሽመላዎች በሚባል የቤዝቦል ክለብ ውስጥ ኳስ ወርዋሪ ሆኗል። ለጊዜው በሁለተኛው ቡድን ነው የሚጫወተው። አገሩ ወጣት አልቆበታል፤ የቡድን ጓደኞቹ ከኔፓል፣ ከማዳጋስካር፣ ከሆንዱራስ የመጡ ናቸው። ተመልካቹ ደግሞ ሽማግሌ ነው። ተሽከርካሪ ወንበራቸው ራሱ ስታዲየም ድረስ ያመጣቸዋል። ጭብጨባቸው አቅም ስለሌለው ከየወንበሩ ሥር ያለ ድምፅ ማጉያ ያግዛቸዋል። አንዳንዴ ሰዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ድምፅ ማጉያው ብቻውን ያጨበጭባል።

ክለቡ ለእያንዳንዱ ተጫዋች "ጆሮ" ይሰጣል። የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር ናት። ከግራ ጆሮ ውስጥ ትገባለች፤ ሲታጠቡ እንኳ አትወጣም። ጃፓንኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ ጃፓንኛ የምትመልሰው እሷ ናት፤ ስልኩም፣ መልእክቱም በእሷ በኩል ነው። የይማም ጆሮ ጨዋ ነበረች። አሰልጣኙ ፊቱ ቀልቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ሲጮህ እሷ "እስቲ የኔ ልጅ፣ ክርንህን ትንሽ ከፍ አድርጋት" ትለዋለች። ይማምም አሰልጣኙ በቁጡ ፊት ደግ ነገር የሚናገር ሰው ነው ብሎ አምኗል።

ዓርብ ዓርብ፣ ከልምምድ መልስ፣ አባቱ ይደውልለታል።

አባቱ ሙሄ አደም ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ወደብ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ነው የሚሠራው። መኪናው ራሱን ይነዳል። የሙሄ ሥራ ግመል ማባረር ነው። መኪናው ግመል መንገድ ላይ ካየ ይቆማል፤ ግመሏ ካልተነሳች ቀኑን ሙሉ እንደቆመ ይውላል። ስለዚህ ኩባንያው በየመኪናው አንድ ሰው ያስቀምጣል። ሙሄ ሚስቱ ሞታበት ይማምንና ታናሽ እህቱን ሐዋን ብቻውን ያሳደገ ሰው ነው። ትምህርት ሲዘጋ ይማምን ከጎኑ አስቀምጦ ይዞት ይሄድ ነበር። ድንጋይ መወርወር ያስተማረውም እሱ ነው። "እንዳትመታት፣ የሰው ገንዘብ ናት። ከፊቷ ጣልላት" ይለዋል። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ከመኪናው መስኮት ሆኖ ድንጋዩን ከግመሏ አፍንጫ አንድ ክንድ ፊት ለፊት ያሳርፍ ነበር። ከአኪታ የመጡ ሰዎች ኮምቦልቻ ላይ ልጆች ሲፈትኑ ይማምን የመረጡት በዚህ ክንዱ ነው።

ሙሄ ነገሩን አልወደደውም። ልጁ የሄደ ቀን ሊሸኘው አልመጣም፤ ጭነት አለኝ አለ። የዓርቡ ጥሪም አጭር ነበር።

"ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ አባዬ።"

"ብርዱስ?"

"እየለመድኩት ነው።"

"በል እሺ። ሶላትህን እንዳትተው። ደህና ዋል።"

በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ጨዋታው አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ግን አንድ ዓርብ እንዲህ አለው፦ "ይማም፣ ልጄ፣ ክንድህን አላመመህም? ባለፈው ቅዳሜ ብዙ ወርውረሃል።"

ይማም የጫማውን ክር እየፈታ ነበር፤ ተወው።

"ምነው ዝም አልክ?"

"አይ... ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ ነው።"

"ሰው ሲያረጅ ብዙ ያስባል" አለ ሙሄ። "እዚህ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው አንተን ነው። ኮርቼብሃለሁ እኮ።"

ይማም ይህን ቃል ከአባቱ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። በማግስቱ የወረወረው በዚያ ዓመት ከወረወረው ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

ሙሄ አደም ከዚያ ጥሪ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ሞቶ ተቀብሯል።

የሞተው ሚሌ አጠገብ ነው። መኪናው ግመል አይቶ ቆመ፤ የሚወርድ ሰው ግን አልነበረም። ግመሎቹ በራሳቸው ጊዜ ሄዱ፣ ሌሎች መጡ፣ መኪናው ቆሞ ዋለ። ከኋላ የመጡ ሰዎች ሙሄን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አገኙት። ልቡ ነው ተባለ። ኮምቦልቻ አምጥተው ቀበሩት።

ለቀስተኛው ገና ድንኳኑ ውስጥ እንዳለ ቤተሰቡ ስለ ይማም ተመካከረ። አጎቱ ኢብሬ የሁሉንም ሐሳብ ተናገሩ። "በሰው አገር፣ አቃፊ በሌለበት፣ ለብቻው መርዶ አይነገርም። የጨዋታው ወቅት አልቆ ለዕረፍት ሲመጣ፣ እኛው መሐል ይስማው።" ማንም አልተቃወመም። ከጥንትም የሚደረገው እንዲሁ ነው።

በዚያው ቀን ክለቡ ደወለ። ወሬውን ከመኪናው ኩባንያ ሰምቷል። የሚናገረው ድምፅ ጥሩ አማርኛ ይናገር ነበር። አጽናና፣ ነፍስ ይማር አለ፣ ከዚያም "ይማም እንዳይደነግጥ የዓርቡ ጥሪ እንደተለመደው ቢቀጥል ይፈቅዳሉ?" ብሎ ጠየቀ። ኢብሬ የገባቸው ከቤተሰቡ አንዱ ዓርብ ዓርብ እየደወለ "አባትህ መንገድ ላይ ነው" እንዲለው ነው። "እሺ፣ አላህ ይስጥልን" አሉ።

ሐዋ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት። ወንድሟን በድምፅ ማነጋገር ፈራች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ሲቃዋ እንደሚያጋልጣት ታውቃለች። ስለዚህ መጻፍ ብቻ ሆነ ሥራዋ። "ደህና ነን። በርታ።" አንድ ቀን ይማም "አባዬን ምን አደረጋችሁት? ፈጽሞ ሌላ ሰው ሆኗል፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም" ብሎ ጻፈላት። በጆሮ በኩል አልፎ ለእሷ የደረሳት ግን "አባዬን ሰላም በይልኝ" የሚል ነበር። ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

የጃፓን በጋ እንዲህ አለፈ። ዓርብ ዓርብ ሙሄ ይደውላል፤ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል። ይማም ለማንም ያልነገረውን ይነግረው ጀመር። ወደሚወረውርበት ጉብታ ወጥቶ ዱላ ከያዘው መቺ ጋር ፊት ለፊት ሲቆም እግሩ እንደሚንቀጠቀጥ፣ አንዳንድ ጠዋት የት አገር እንዳለ እስኪጠፋው ድረስ እንደሚደነግጥ ነገረው። ሙሄ መልሱን አያጣም። አንድ ዓርብ ያለ ምንም መነሻ "ያኔ ልሸኝህ ስላልመጣሁ ይቅር በለኝ" አለው። ይማም የዚያን ዕለት ራቱን አልበላም፤ ጠግቦ ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ኩራታ የሚባለው ሰው ቢሮው አስጠራው። ኩራታ በክለቡ የተጫዋቾች መንፈስ ጥበቃ ኃላፊ ነው፤ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሲገባ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ነው። "የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በዋናው ቡድን ትወረውራለህ" አለው። ዋናው ቡድን የሚጫወተው አገር ሁሉ በሚያየው ሊግ ነው። ይማም የመጣው ለዚህ ነበር።

አኪታ ውስጥ ይማም የሚሄድበት አንድ የአበሻ ቤት አለ፤ የእትዬ አመለወርቅ ቤት። እትዬ አመለወርቅ ደሴ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው የጃፓን ሽማግሌዎችን ሊያስታምሙ መጥተው፣ እነዚያን ሽማግሌዎች ሁሉ ቀብረው አሁን እሳቸውም የተጦሩ ሴት ናቸው። ሰው በማንሳት ወገባቸው ቢጎዳም እጃቸው ደህና ነው፤ በፊተኛው ክፍላቸው ፀጉር ይቆርጣሉ። የክለቡ መቁረጫ መሣሪያ የይማምን ፀጉር መልመድ አቅቶት ስለነበር ልጁ በየሁለት ሳምንቱ እሳቸው ጋ ይመጣል።

የሙሄን ሞት እትዬ አመለወርቅ በግንቦት ሰምተዋል። የአኪታው እድር ሁሉ ሰምቷል። እንደ ኮምቦልቻዎቹ ሁሉ እነሱም ወቅቱ እስኪያልቅ ዝም እንዲባል ተስማምተው ነበር። ልጁ በመጣ ቁጥር እትዬ አመለወርቅ ከኋላው ቆመው ስለሚሠሩ ፊታቸውን ማሳየት አይጠበቅባቸውም።

ጨዋታው ባለበት ሳምንት ማክሰኞ ይማም መጣ።

"ጎኑን ዝቅ ያድርጉልኝ እትዬ። ቅዳሜ በዋናው ቡድን ልወረውር ነው።"

"እሰይ የኔ ልጅ! እልል አያሰኝም?" አሉ። አባቱ ይህን ሳያይ መሞቱ በሆዳቸው አለፈ። ምላጩን ወደ ማጅራቱ ወሰዱ።

"አባዬ ከኔ ይበልጥ ነው የተደሰተው" አለ ይማም።

ምላጩ ቆመ።

"ምን አልከኝ?"

"አባዬ። ዓርብ ስነግረው አለቀሰ። አባዬ ሲያለቅስ ሰምቼ አላውቅም።"

"የትኛው ዓርብ?"

"ያለፈው ነዋ። ሁልጊዜ ዓርብ ይደውልልኛል። ቆረጡኝ እንዴ እትዬ?"

"አልቆረጥኩህም።" ምላጩን ጨርቁ ላይ ጠረጉ። ጨርቁን አጠፉ፣ ዘረጉ። "ድምፃቸው... ደህና ነው?"

"እንዲያውም ወጣት ሆኗል" ብሎ ሳቀ። "ኮርቼብሃለሁ፣ ሳልሸኝህ በመቅረቴ ይቅር በለኝ ይለኛል።"

እትዬ አመለወርቅ ግራ ጆሮው ውስጥ ያለችውን ፍሬ አዩና ሌላ ነገር አልጠየቁም። ጎኑን ዝቅ አድርገው ቆርጠው፣ አንገቱን አራግፈው፣ ምርቃት መርቀው ሸኙት። ከዚያ ወንበሩ ላይ የቀረውን ፀጉር ሳያነሡ ነጠላቸውን ጣል አድርገው ወጡ።

የእድሩ ሰብሳቢ ሐጂ ቡሽራ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቲማቲም ሲያጠጡ አገኟቸው። ቆመው የሰሙትን ሁሉ ነገሯቸው።

"ልጁ እኮ ፈተና ላይ ነው አመለወርቅ" አሉ ሐጂ ቡሽራ። "ይህን ያህል ወር የቆየ መርዶ እስከ ቅዳሜ ቢቆይ ምን ይሆናል?"

"እኔም ትናንት ቢጠይቁኝ እንደዚያው ነበር የምለው። ዝም ማለት ወጋችን ነው፤ አባቶቻችንም ዝም ሲሉ ነው የኖሩት። ይሄ ግን ዝም ማለት አይደለም ሐጂ። በሟች አፍ እየተናገሩት ነው።"

"ምን ይሉታል?"

"ኮርቼብሃለሁ ይሉታል። ይቅር በለኝ ይሉታል።"

ሐጂ ቡሽራ የውኃውን ጎማ መሬት ላይ ተዉት። ውኃው ጫማቸው ሥር እየፈሰሰ ትንሽ አሰቡ። "ደግ ቃል ነው" አሉ በመጨረሻ።

"ሰውየው ብለውት ቢሆን ደግ ነበር።"

"ወጥተን ከነገርነው በኋላ ክለቡ ቢያባርረውስ? ያን ጊዜ ምን እንለዋለን?"

"እሱን አላውቅም። እኔ የማውቀው ሰው አባቱን ሳይቀብር እየኖረ መሆኑን ነው።"

ሐጂ ቡሽራ ጎንበስ ብለው ውኃውን ዘጉ። "ነገ ማለዳ" አሉ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አራት ሰዎች ወደ ተጫዋቾቹ ማደሪያ መጡ፤ ሐጂ ቡሽራ፣ እትዬ አመለወርቅና ከእድሩ ሁለት ሰዎች። በሩ ለምን እንደመጡ ጠየቃቸው። ሐጂ ቡሽራ "ለሰላምታ" አሉ። በሩ ተከፈተ።

ይማም ቁምጣ እንደለበሰ ኮሪደሩ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ያየው የእትዬ አመለወርቅን ነጠላ ነው፤ አዘቅዝቀው ለብሰውታል። ከዚያ የቀሩትን አየ። በማለዳ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያገሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ግድግዳውን ተደገፈ።

"ሐዋ ናት?" አለ።

"አይደለችም ልጄ። ሐዋ ደህና ናት።"

"ኢብሬ ናቸው?"

"አይደሉም።"

"ማነው ታዲያ? ሌላ ሰው የለኝም እኮ።"

ሐጂ ቡሽራ ቀርበው ትከሻውን ያዙ። "ልጄ፣ አባትህ ናቸው። አባትህ ወደማይቀረው ሄደዋል።"

ይማም ፊቱ ፈታ አለ። የተሳሳቱ ሰዎችን በሚያይ ዓይን አያቸው። "አባዬማ ደህና ነው። ዓርብ አናግሮኛል።"

"ሚያዝያ ውስጥ ነው ያረፉት።"

"የኔ አባት አይደለም። ሌላ ሙሄ ይሆናል። ሐጂ፣ ዓርብ እኮ..."

እጁ ወደ ግራ ጆሮው ሄደ። ጆሮ የልቡን ምት ሰምታ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ የምታውቀው አንድ መድኃኒት ነው። በለሰለሰ ድምፅ "አባትህ እየደወሉ ነው" አለችው።

ረቡዕ ነበር።

"አንሳው" አሉ እትዬ አመለወርቅ፣ ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው ገብቷቸው። "እኛም እንስማው።"

ይማም ድምፁን ወደ ውጭ አወጣው። ኮሪደሩ ውስጥ የሙሄ አደም ድምፅ ተሰማ፤ ከበስተኋላው የመኪና ጉርምርምታ አለው።

"ይማም፣ ልጄ፣ ምነው? ምን አስደነገጠህ?"

አራቱ ሰዎች አልተነቃነቁም። ሐጂ ቡሽራ ብቻ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

"አባዬ" አለ ይማም። "የት ነህ?"

"መንገድ ላይ ነኝ። ሚሌ ልደርስ ነው።"

"ሰዎች መጥተው ሞቷል አሉኝ።"

ጥቂት ጊዜ ጉርምርምታው ብቻ ተሰማ። ከዚያ ድምፁ፣ እንደ ቅድሙ ለስለስ ብሎ፣ "ረጅም ትንፋሽ ውሰድ ልጄ" አለ። "ቀስ ብለህ። አዎ፣ እንደሱ። እኔ ካንተ ጋ ነኝ፤ ኮርቼብሃለሁ።"

ይማም ሁለት ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከቶ ፍሬዋን አወጣት። ተጣብቃ ስለኖረች ትንሽ ደም ይዛ ወጣች። እንደ ተነቀለ ጥርስ መዳፉ ላይ አድርጎ አያት፤ ድምፁ በጣም ቀጥኖ አሁንም ይናገራል። ለእትዬ አመለወርቅ ሰጣቸው። እሳቸውም የት እንደሚያደርጓት ግራ ገብቷቸው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። ከዚያ ጮኹ። የሙሄን ስም ጠርተው፣ ያገራቸውን ለቅሶ አለቀሱ፤ የኔፓልና የማዳጋስካር ልጆች በየበራቸው ወጥተው ቆሙ። ይማም መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። እንባ አልመጣለትም።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ኩራታ መጣ። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች አይቶ ጫማውን አወለቀ፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከ፣ ግንባሩ መሬት እስኪነካ ጎንበስ አለ። ደረቱ ላይ ያለች ትንሽ ድምፅ ማውጫ ቃሉን በአማርኛ ትናገርለት ነበር።

"ወቅቱ ሲያልቅ እኔው ራሴ ልነግርህ ነበር" አለ። "ቤተሰብህም ፈቅደዋል።"

"እነሱ የፈቀዱት ይሄን አይደለም" አሉ ሐጂ ቡሽራ።

"ሊሆን ይችላል። አጠያየቃችን ግልጽ አልነበረ ይሆናል።" ኩራታ ቀና አለ። "ይማም፣ ካወቁ በኋላም ይቀጥልልን የሚሉ ብዙ ናቸው። አንተም ከፈለግህ ዓርብ ይደውላሉ። እኔ እናቴን እሑድ እሑድ አነጋግራታለሁ። ከሞተች ስምንት ዓመቷ ነው።"

ይማም ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል አየው። ኩራታ እየዋሸ አልነበረም፤ እንዲያውም የሚወደውን ነገር ለሰው የሚያካፍል ሰው ፊት ነበረው።

"እናትህ በሕይወት እያሉም እንዲህ ነበሩ?" አለው።

ኩራታ አሰበ። መልሱን ድምፅ ማውጫዋ እስክትናገርለት ድረስ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነበር። "አይ" አለ። "ይቺ ትሻላለች።"

ይማም ለቅሶ መቀመጥ እንደሚፈልግ ተናገረ። ኩራታ ሦስት ቀን ከተቀመጠ ልምምዱ ስለሚጓደልበት ቅዳሜ እንደሚያመልጠውና ቦታው ለሌላ ወርዋሪ እንደሚሰጥ፣ ሁለተኛ ዕድልም ላይኖር እንደሚችል ሳይደብቅ ነገረው። ይማም ሰምቶ ልብሱን ለመቀየር ገባ።

ለቅሶው እትዬ አመለወርቅ ቤት ተቀመጠ። የሽማግሌ አስታማሚዎቹ ከሥራ ሲወጡ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ እየመጡ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ይቀመጣሉ። ይማም ለሚመጣው ሁሉ ይነሳል፣ እጅ ይነሳል፣ ይቀመጣል። ዓይኑ ደርቆ ነበር። የእድሩ ሽማግሌዎች ይህን አይተው ስለ እሱ መፍራት ጀመሩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እትዬ አመለወርቅ ስልካቸውን አመጡለት። "ሐዋን አግኝቼልሃለሁ። በኔ ስልክ ነው፤ መሐል ላይ ማንም የለበትም።"

የሐዋን ድምፅ ከሰማ ወራት አልፈዋል። ሐዋ የሆነውን ከመጀመሪያው ነገረችው፤ ስለ መኪናው፣ ስለ ቀብሩ፣ ስለ አጎታቸው ስልክ። እሱም የዓርቡን ነገር ነገራት። ስትሰማ ጮኸች፣ ከዚያ ተቆጣች።

"ሐዋ" አላት። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳታዝኝልኝ። በሕይወት እያለ በኔ ኮርቻለሁ ብሎ ያውቃል?"

"ይማም..." አለች።

"እውነቱን ንገሪኝ።"

"አያውቅም" አለች።

"ጨዋታዬንስ አይቶ ያውቃል?"

"አንድ ጊዜ ከፍቼለት ነበር። ግማሽ ሳይደርስ ተነሥቶ ወጣ። ኳስ ወርውሮ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም አለ።"

"ስለኔ ምን ይል ነበር ታዲያ?"

"ምን ይላል፣ ይረግምህ ነበር እንጂ! ስትሄድ የመኪናውን ብርድ ልብስ ይዘህበት ሄደሃል አሉ። ያን ግራጫውን። 'ያ ሌባ ወንድምሽ በብርድ ገደለኝ' ይላል በየጉዞው። ሌላ ልግዛልህ ስለው አልፈልግም፣ ራሱ ያምጣው ይላል። የሞተ ዕለት ጠዋት እንኳ እየወጣ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ያንን ነው ያለኝ።"

"ምን አለ? እንዳለው ንገሪኝ።"

"'ለዚያ ሌባ ንገሪው፤ ብርድ ልብሴን ይዞ ይምጣ።'"

ይማም ሳቀ። እትዬ አመለወርቅ ከጓዳ ብቅ አሉ። ሳቁ ጉሮሮው ላይ ተቀየረ፤ ከሆዱ ወጣ፣ ትከሻውን አናወጠው፣ እንደ ሕፃን አስጮኸው። ግድግዳ ሥር የተቀመጡት አስታማሚዎች ተነሥተው ያዙት። "አባዬ ነው" ይል ነበር በመሐል። "ይሄ አባዬ ነው።" ሐዋ በወዲያኛው ጫፍ አብራው ታለቅሳለች። ሐጂ ቡሽራ እንባቸውን እየጠረጉ "እንኳን አለቀሰ" አሉ፤ ለቅሶ ቤቱም ከዚያ ጀምሮ የለቅሶ ቤት መሰለ።

ቅዳሜ ዕለት በይማም ቦታ የሆንዱራሱ ልጅ ወረወረ፤ ጥሩ ወረወረ። ይማም ወደ ሁለተኛው ቡድን ተመለሰ። ጆሮ አልፈልግም ብሎ ስለጻፈ ክለቡ ከጥቂት ማንገራገር በኋላ ተወው። የቃላት ዝርዝር ይዞ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ጃፓንኛ መማር ጀመረ። አሰልጣኙ ሲጮህበት ቃሉ ባይገባውም ቁጣው ሙሉ በሙሉ ይደርሰው ነበር። አንዳንድ ቀን ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። የአወራወሩ ውጤት ወርዶ ነበር፤ ክለቡም ይህን በየሳምንቱ ያሳየዋል።

በወቅቱ የመጨረሻ ሳምንት የሆንዱራሱ ልጅ ትከሻው አብጦ ይማም ለዋናው ቡድን አንድ ጊዜ ሜዳ ገባ። የመጀመሪያው መቺ ኳሱን መትቶ ከአጥሩ ውጪ አሳለፈና ነጥብ አገባ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳቱ። ቡድኑ ተሸነፈ። አሰልጣኙ ወደ እሱ መጥቶ ረጅም ነገር ተናገረው፤ ይማም ከዚያ ውስጥ "ክርን" የሚለውንና "የሚመጣው ዓመት" የሚለውን ለየ።

ጥቅምት ውስጥ ለዕረፍት ኮምቦልቻ ገባ። ዘመድ አዝማዱ ዳግመኛ አለቀሰለት። በማግስቱ ከሐዋ ጋር ወደ መቃብሩ ወጡ። ሐዋ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ቀረች። ይማም ፋቲሃ አንብቦ ሲጨርስ ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጠ። ከሩቅ፣ በጅቡቲ መንገድ፣ ራሳቸውን የሚነዱት መኪኖች በተርታ ወደ ቆላው ይወርዳሉ።

ስለ ጨዋታው ነገረው። ኳሱ ከአጥሩ ውጪ እንደሄደ፣ እግሩ እንደተንቀጠቀጠ፣ ሁለቱ እንደሳቱ ነገረው። ሳይሸኘው በመቅረቱ ተቀይሞት እንደነበርም ነገረው፤ ይህን በዓርቡ ጥሪ አንስቶት አያውቅም ነበር። ተናግሮ ሲጨርስ ሊሰማ የሚፈልግ ይመስል ትንሽ አጎነበሰ።

ንፋሱ ሣሩን ነካካው። የመለሰለት የለም። ይማም እንደዚያው ሆኖ ብዙ ቆየ፣ እስኪበቃው ድረስ፤ ከዚያ ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና ወደ እህቱ ወረደ።